የ12ኛ ክፍል ውጤትና የ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ

ስለ መንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲነሳ ሁላችንም የምንጠቅሰው ያችኑ 3.3 በመቶ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ወደ 3.2 በመቶ ዝቅ አለ፤ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኗል።

ታዲያ ትምህርት በአንድ ዓመት ወደቀ እንዴ? እንደ እኔ አመለካከት ወድቆ የቆየው ነገር ታየ እንጂ ያን ዓመት አልወደቀም። ከዚያ በፊት ፈተናው በየአካባቢው ይሰጥ ስለነበር ኩረጃው ብዙ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. እንዲያውም ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ እስከ መቋረጥ ደርሷል። የ2014 ተፈታኞች ግን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ተፈተኑ። በዚያ ላይ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስለቀረ፣ ድሮ በመሀል የሚጣራው ተማሪ ሁሉ 12ኛ ክፍል ደረሰ። ይሄ ሳይታሰብ የድሮውን መቶኛ ከአሁኑ ጋር ማወዳደር ትክክል አይመስለኝም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ችግሩ የት ይጀምራል የሚለው ነው። በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለማስተማር ልምምድ ተመድቤ 9ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምር ነበር። ስለ ኢነርሺያ ስናወራ፣ ታክሲ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ለምን ወደ ፊት እንደምንወረወር ጠየቅሁ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ቲቸር፣ መኪናው ይቆማል፤ እኛ ግን ገና እየሄድን ነው» አለኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ ከመጽሐፉም አላገኘሁም። በሳምንቱ የክፍል ፈተና ስሰጥ አንዱ ጥያቄ ከአንዱ በስተቀር ሁሉም የኢነርሺያ ምሳሌዎች ናቸው የሚል ነበር፤ በእንግሊዝኛ ነው እንግዲህ። ያ ልጅ ያከበበው ፍሬን የያዘውን አውቶቡስ ነው! ጠርቼ ስጠይቀው «ኤክሰፕት ማለት በተለይ መስሎኝ» አለኝ። ፊዚክሱን ያውቀዋል፤ ማርኩን ግን አላገኘም።

እንደሚታወቀው በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃ ደግሞ በእንግሊዝኛ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ከዚያ ቀደም ብለው በእንግሊዝኛ የሚጀምሩ አካባቢዎችም አሉ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሩን አልነቅፍም፤ ያ ልጅ የመለሰልኝም በእሱ ነው። ቅር የሚለኝ ሽግግሩ ነው። እንግሊዝኛ ለዓመታት አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ሆኖ ይቆይና 9ኛ ክፍል ሲገባ የሁሉም ትምህርት በር ይሆናል። እንደ ኤክሰፕት፣ አንለስ፣ አት ሊስት ያሉትን ቃላት ማን ያስተምር? የፊዚክስ መምህሩ የእንግሊዝኛ መምህሩ ሥራ ነው ይላል፤ የእንግሊዝኛው መምህር ግራመር ላይ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በፕላዝማ የተማሩትን ብትጠይቁ ችግሩ አዲስ አለመሆኑን ይነግሯችኋል፤ ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ እየፈጠነ ያልፋል፣ መምህሩ የሚናገርባት ጥቂት ደቂቃ ናት።

አሁን ያለው አሠራር ምን ይመስላል? መምህሩ በአማርኛ ያስረዳል፣ ኖት በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል። ደብተሩ ሲታይ ያምራል፣ ተማሪው ግን የጻፈውን አንብቦ አይረዳም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፉ ለብዙዎች በሶፍት ኮፒ ስለመጣ ስልክ የሌለው ልጅ ከኖቱ ሌላ የሚያነበው አልነበረውም።

እርግጥ ሁሉን ነገር በቋንቋ ማሳበብ አይቻልም። የ2014 ተፈታኞች 10ኛ ክፍል ሳሉ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸዋል፤ በጦርነት ትምህርቱ የተቋረጠበትም ብዙ ነው። ላቦራቶሪውን ማንሳት አያስፈልግም።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ከክፍለ ጊዜው አምስት አምስት ደቂቃ ቀንሼ በሰሌዳው ጥግ እንዲህ ያሉ ቃላትን ከነምሳሌያቸው መጻፍ ጀመርኩ። የገመገመኝ ሰው «አንተ የተመደብከው ለፊዚክስ ነው» ብሎ ነጥብ ቀነሰብኝ። በማግስቱ ያ ልጅ ከድሮ የፈተና ወረቀት ላይ ያልገቡትን ቃላት ለቅሞ አንድ ገጽ ሙሉ ይዞልኝ መጣ። ከእነሱ ውስጥ የፊዚክስ ቃል ሁለት ብቻ ነበር።