በአማን ብርድ፣ በኮሮና ጊዜ፦ የመጀመሪያ ቀናትሽን በጤና ለማለፍ

እኔ ዮርዳኖስ፣ አማን ከተማ የገባሁት በጥር 2013 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2021 መጀመሪያ) ነው። ብርዱና ኮሮናው አንድ ላይ ነበር የተቀበሉኝ። ያን ጊዜ ያየሁትንና ቆይቼ የተማርኩትን በየተራ ልንገራችሁ። የኮሮናው ፍርሃት ቢቀልም ብርዱ፣ ሶባው፣ በረኪናውና የሕጉ ነገር አዲስ ለምትመጣ እህት ዛሬም ያው ነው።

1. ብርዱን እወቂው

የእኛ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው። እዚህ ክረምት የሚሉት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ነው። «ሺታ» ይሉታል፤ ዝናቡንም ሺታ ነው የሚሉት። አገር ቤት ጥምቀት በጸሐይ ሲከበር እዚህ ዝናብና ንፋስ ነው። አማን በኮረብታዎች ላይ የተሠራች ከተማ ስለሆነች ከፍ ባሉት ሰፈሮች አንዳንዴ በረዶም ይጥላል። እኔ በገባሁበት ዓመት በየካቲት 10 አካባቢ ከተማዋ ነጭ ለብሳ ነበር።

ደሴ ያደገች ሴት ብርድ ታውቃለች። የአማን ብርድ ግን ከወለሉ ነው የሚመጣው። ቤቱ ድንጋይ፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ እየደፋሽ ስትወለውይ ብርዱ በእግርሽ ይገባል። ስለዚህ፦

• አንድ ወፍራም ልብስ ከምትለብሺ ሦስት ስስ ልብስ ደራርቢ። ሥራ ሲያሞቅሽ አንዱን ታወልቂያለሽ።
• ካልሲሽ ከረጠበ ወዲያው ቀይሪ። ለወለል ሥራ የፕላስቲክ ጫማ፣ ለቤት ውስጥ ደግሞ ደረቅ ነጠላ ጫማ ይኑርሽ።
• ሰገነት ላይ ልብስ ስታሰጪ እጅሽን አድርቀሽ ውጪ። እርጥብ እጅ በንፋስ ይሰነጠቃል። ማታ ቫዝሊን ተቀቢ።
• የምትተኚበት ክፍል በቂ ብርድ ልብስ ከሌለው ጠይቂ። ልብስና ተገቢ መኝታ ማቅረብ የአሠሪ ግዴታ ነው፤ ውለታ አይደለም።

2. ሰዓቱና ሐዝሩ

በኮሮና ጊዜ «ሐዝር» የሚባል የሰዓት እላፊ ነበር። እዚህ ላይ ብዙ አበሻ የሚሳሳትበት ነገር አለ። እነሱ ማታ 10 ሰዓት ሲሉ በእኛ ማታ 4 ሰዓት ነው። በስድስት ሰዓት ልዩነት ሐዝር ላይ መንገድ መገኘት ይመጣል፤ የመድኃኒት ሰዓትም ይዛባል። ሐኪም ወይም ማዳም ሰዓት ሲነግሩሽ በጣትሽ ሰዓቱ ላይ አሳይተሽ አረጋግጪ።

እኔ ስገባ ኤርፖርት ላይ ከአፍንጫዬ ናሙና ተወሰደ። ከዚያ መክተቡ (ኤጀንሲው) ባዘጋጀው ክፍል ከሌሎች ሴቶች ጋር ለጥቂት ቀን ቆየሁ። እንዲህ ዓይነት ቦታ ከገባሽ መስኮት ዳር ያለውን አልጋ ያዢ፤ በቀን ደጋግማችሁ መስኮት ክፈቱ፤ ብርጭቆና ፎጣ አትዋዋሱ። የምርመራውን ውጤት ወረቀት ስጡኝ በይ፤ ባይሰጡሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

3. ሶባ፦ ዝምተኛው ገዳይ

ከሁሉም በላይ ይህን ክፍል እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። ሶባ ማለት በጋዝ ወይም በካዝ (በነጭ ጋዝ) የሚሠራ ማሞቂያ ነው። አገር ቤት የከሰል ጭስ ዘግቶ የተኛ ሰው ሲገድል ሰምተናል። ሶባም ያው ነው፤ እንዲያውም ጭስ ስለማይታይበት ሰው ይዘናጋል። የሚወጣው መርዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም።

በገባሁበት ቤት የምተኛው ልብስ በሚታጠብበት ትንሽ ክፍል ነበር። ብርድ እንዳይገባ ብለው መስኮቱን በፕላስተር አሽገውት ነበር። ትንሿ ልጅ ከእኔ ጋር ነው የምትተኛው። አንድ ቀን ጠዋት ራሴን እየፈለጠኝ፣ እያዞረኝ ተነሳሁ። ልጅቷም አስመለሳት። ማዳም «ኮሮና!» ብላ ጮኸች፤ በሩን ዘግታብን ሶባውን ከፍ ልታደርግልን አለች። ቴርሞሜትር ሲደረግ ግን ሁለታችንም ትኩሳት አልነበረንም። እኔ ልጅቷን አቅፌ በረንዳ ወጣሁ። ብርድ ነበር፤ ቢሆንም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሴ ቀለለኝ፣ ልጅቷም ዓይኗን ገለጠች። ማዳም ይህን አይታ ሐኪም ደወለች። ሐኪሙ ሶባውን አጥፉ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ ሁለቱንም አምጡ አላት። ከዚያ ቀን በኋላ ፕላስተሩ ተነሳ፤ ማታ ሶባው ከክፍሉ ይወጣ ጀመር።

ኮሮናና የሶባ መርዝ ሲጀምሩ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ራስ ያሳምማሉ፣ ያደክማሉ። የሚለዩባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦

• በሶባ መርዝ ትኩሳት አይኖርም፤ በኮሮና ብዙ ጊዜ ይኖራል።
• በሶባ መርዝ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ይታመማሉ።
• ወደ ውጭ አየር ስትወጪ ከቀለለሽ፣ ስትመለሺ ደግሞ ካገረሸብሽ ሶባውን ጠርጥሪ።

ከጠረጠርሽ ወዲያው ውጪ፤ ልጆችና አሮጊቶች ካሉ ይዘሽ ውጪ። ሰው ከወደቀ፣ ከተደናገረ ወይም አልነቃ ካለ 911 ደውዪ። ቢሻልሽም ሐኪም ይይሽ። ሶባ እያነደድሽ በፍጹም አትተኚ። ቀን ሲነድም መስኮቱ ትንሽ ክፍት ይሁን። የጋዝ ሽታ ከሸተተሽ መብራት አታብሪ፣ አታጥፊ፤ ክብሪት አትጫሪ፤ ጃራውን (ሲሊንደሩን) ዝጊና መስኮት ክፈቺ።

4. በረኪና

በኮሮና ጊዜ ብዙ ማዳሞች የበር እጀታ ሳይቀር በበረኪና አስጠረጉን። ለዕቃና ለወለል ትንሽ ይበቃል፦ በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 4 የሻይ ማንኪያ ተራ በረኪና። ሲበዛ ኮሮናን የበለጠ አይገድልም፤ የሚጎዳው የአንቺን ሳንባና ቆዳ ነው።

በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ፣ ከኮምጣጤ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅዪ። የሚወጣው ጋዝ ያንቃል፣ ሆስፒታል ያስገባል። ማዳም ቀላቅዪ ካለችሽ ሁለቱን ጠርሙስ አሳይተሽ «ኸጠር» (አደገኛ ነው) በያት። ጓንት አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ። ሰው ላይ አይረጭም፤ ፍራፍሬና አትክልትም አይታጠብበትም።

5. ቤት ውስጥ ሰው ሲታመም

ቤተሰቡ ሲታመም የምታስታምሚው አንቺ ነሽ። እንግዲያው ማስክና ሳሙና ለአንቺም ይገባሻል። በሽተኛው የተለየ ክፍል ይኑረው፤ ስትገቢ ሁለታችሁም ማስክ አድርጉ፤ ምግቡን አስቀምጠሽ ውጪ፤ እጅሽን ታጠቢ። አንቺ ከታመምሽ ደግሞ መደበቅ አያስፈልግሽም። መታመም ጥፋት አይደለም። ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከጨነቀሽ ወይም ከንፈርሽ ከጠቆረ ነገ አትበዪ፤ 911 ይደወል።

ዮርዳኖስ ክትባት የጀመረችው በጥር 2013 ነው። አገሩ ውስጥ ለሚኖር ሁሉ፣ ለስደተኛም ጭምር፣ በነጻ ነበር። ከዚህ የምንወስደው ነገር አለ፦ ስለ ጤና አዲስ ነገር ሲወጣ «ለእኔም ይሆናል?» ብለሽ ጠይቂ። ሳይጠይቁ የቀሩ ብዙ ናቸው።

6. ወረርሽኝ መብትሽን አያጠፋውም

ዮርዳኖስ የቤት ሠራተኞችን በሠራተኛ ሕጓ ውስጥ ያስገባችው በ2008 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን ዝርዝር ደንቡ በ2009 ወጣ። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

• በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት። በየካቲት ወር የዓርቡ ሙሉ ሐዝር ሲመለስ «መውጣት ስለማትችዪ ሥሪ» የተባሉ ነበሩ። ዕረፍት ማለት ከሥራ ማረፍ ነው፤ ቤት ብትውዪም ዕረፍትሽ ዕረፍት ነው።
• ደሞዝ በወቅቱ፤ ቢዘገይ ከ7 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ። ያልተቀበልሽውን ገንዘብ ተቀብያለሁ ብለሽ አትፈርሚ።
• በዓመት 14 ቀን የሕመም ፈቃድና 14 ቀን የዓመት ዕረፍት ከደሞዝ ጋር።
• የሥራ ፈቃድና የኢቃማ ወጪ የአሠሪ ነው።
• ፓስፖርትሽን መያዝ ለአሠሪም ለመክተቡም ክልክል ነው።

በተግባር ብዙ ቤት ይህ እንደማይከበር ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም ማወቁ ይጠቅማል። እኔ በደብተር ቀኑን፣ የተቀበልኩትን ደሞዝ፣ የታመምኩበትንና ዕረፍት የተከለከልኩበትን ቀን እጽፍ ነበር። ከወራት በኋላ ስለ ደሞዜ ክርክር ሲነሳ ያ ደብተር ከብዙ ንግግር በላይ ረዳኝ። ከማዳም ጋር ስትነጋገሪም ረጋ ብለሽ፣ እሷ ባልተናደደችበት ሰዓት፣ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ።

7. በመጀመሪያው ሳምንት የምታደርጊያቸው

• የቤቱን አድራሻ ያዢ፦ የሰፈሩን ስም፣ የመንገዱን ስም፣ የሕንፃውን ቁጥር። 911 ስትደውዪ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ «የት ነሽ?» ብለው ነው።
• የፓስፖርትሽንና የኮንትራትሽን ፎቶ ለአገር ቤት ዘመድ ላኪ።
• የኢትዮጵያ ቆንስላን ስልክ በወረቀትም ጻፊ፤ ስልክ ሊወሰድብሽ ይችላል።
• እነዚህን ቃላት በቃልሽ ያዢ፦ «አና በርዳነ» (በርዶኛል)፣ «አና መሪዳ» (ታምሜአለሁ)፣ «ራሲ ቢዩጃዕኒ» (ራሴን አሞኛል)፣ «ቢዲ ዶክቶር» (ሐኪም እፈልጋለሁ)።

አዲስ የመጣች እህት የምታውቂ ከሆነ ዛሬ ማታ ደውለሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂያት፦ የምትተኚበት ክፍል ሶባ አለው ወይ? መስኮቱስ ይከፈታል? መልሷን ሰምተሽ ከዚያ ሌላውን ተጨዋወቱ።