የትኛው ካሜራ ለክበባችን ይሻላል?

ክበባችን የማስተማሪያ ፎቶግራፍ የሚያነሳበት ካሜራ ሊገዛ አስቧል። ገንዘቡ ግን የሚበቃው ለአንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ዓይነቶች እናነጻጽር።

አንደኛው ዲ.ኤስ.ኤል.አር. የሚባለው ነው። በሌንሱ የገባውን ብርሃን ወደ መመልከቻው የሚመልስ መስተዋት አለው፤ ሌንሱም ይቀያየራል። የብዙዎቹ ብርሃን ተቀባይ (ሴንሰር) 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ሁለተኛው ውሃና አቧራ የማያስገባው ትንሹ ካሜራ ነው። ለምሳሌ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ኦሊምፐስ ቲ.ጂ.-6 እስከ 15 ሜትር የውሃ ጥልቀትና ከ2.1 ሜትር ከፍታ መውደቅን እንዲችል ተሠርቷል። ጉንዳንን ከ1 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያነሳል። ሴንሰሩ ግን 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቁጥሮቹን ብናባዛ የትልቁ ስፋት ከ12 እጥፍ ይበልጣል። በጨለምለም ያለ ክፍል ውስጥ የትልቁ ፎቶ ጥርት ሲል የትንሹ የሚሻክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ትልቁን እንግዛ? እስቲ ሥራችንን እንይ። የምናነሳው በብዛት ደጅ ነው፦ ቅጠል፣ ነፍሳት፣ የተሸረሸረ አፈር። እዚህ ጦር ኃይሎች በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው አለ። ሌንስ ሲቀየር ሴንሰሩ ላይ አቧራ ካረፈ በየፎቶው ጥቁር ነጥብ ይወጣል። ካሜራውም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እንዳይበላሽ ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቆለፈበት ማንን ሊያስተምር ነው?

በእኛ አስተያየት ትንሹ ይሻላል። ክፍል ውስጥ ስናነሳ መስኮት አጠገብ እንሁን። የባትሪው ክዳን ጎማ ላይ አንዲት ፀጉር ከቀረች ውሃ ይገባልና ከመክደናችን በፊት እንጥረገው።

የምትቃወሙ ካላችሁ ጽፋችሁ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፤ እንከራከር!