ሻካራ ድምፅ ስለምን ይወደዳል?

ዘፋኝ ሁሉ ድምፁ እንደ ማር የጣፈጠ መሆን አለበት የሚል አሳብ በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። ነገር ግን በቢስቲማ ሠርግ ላይ ድምፁ እንደ ነቃ ሸክላ የሆነ ሰው ዘፈን ሲያወጣ፥ ተቀባዩ ሁሉ በሙሉ ልብ ሲያጨበጭብለት አይቻለሁ። ይህ ስለምን ይሆናል? ያስተዋልሁትን በአጭሩ እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ የሙዚቃ መሣሪያዎቻችንን እንመልከት። በገና 10 አውታሮች አሉት። በየአውታሩና አውታሮቹ በሚያርፉበት በብርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። በገናው ሲደረደር አውታሩ ከቆዳው ጋር እየተነካካ እዝዝ የሚል ጎርናና ድምፅ ይሰጣል። እንዚራው ቢወጣ ድምፁ ይጠራል፤ ግርማው ግን ይቀራል። እንግዲህ ያን ሻካራነት አባቶቻችን ዐውቀው የጨመሩት ነው እንጂ ከጉድለት የመጣ አይደለም። ከፈረስ ጭራ በተሠራ አንድ አውታር የሚያለቅሰውን መሰንቆ የለመደ ጆሮም የሻከረ ጉሮሮ አያስደነግጠውም።

ሁለተኛው ምክንያት ቃሉ ነው። ላሊበሎች ገና ሳይነጋ በየደጁ ሲያዜሙ፥ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ጠይቀው በግጥማቸው ያስገባሉ። ሰውየው ስሙን ሲሰማ ድምፃቸውን መመዘን ትቶ የሚሉትን ያዳምጣል። ወይዘሮ አስናቀች ወርቁም ክራር ይዘው ሲዘፍኑ ለጎረቤት የሚያወጉ ይመስሉ ነበር። ዘፈኖቻቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ፥ በ16ኛው ቁጥር፥ በፈረንሳይ አገር ታትመው በውጭ አገርም ተደመጡ። አሜሪካዊው ሉዊ አርምስትሮንግ (1901–1971) ጉሮሮው እንደ ጠጠር የሻከረ ነበር፤ ዓለም ግን ወደደው። ለስላሳ ድምፅ ስንሰማ ድምፁን እናደንቃለን፤ ሻካራውን ስንሰማ ግን ሰውየው ያየውን የሚነግረን ይመስለናል።

ይህን ስል የተበላሸ ዘፈን ሁሉ ይወደዳል ማለቴ አይደለም። ወረዳችን ወረባቦ የአምባሰልና የባቲ ጎረቤት ስለሆነች፥ በስማቸው የሚጠሩትን ቅኝቶች ጆሯችን ያውቃል። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት 4ቱ ዋና ቅኝቶች እያንዳንዳቸው 5 ድምፆች አሏቸው። ከነዚህ አንዱን ጀምሮ መካከል ላይ ከመንገዱ የወጣን፥ ምቱንም የሳተን ሰው፥ ድምፁ ምንም ቢያምር አድማጭ አይምረውም። ልስላሴ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ ቅኝትና ምት ግን በልምምድ ይገኛሉ።

ስለዚህ «ድምፄ መጥፎ ነው» ብላችሁ ዝም የምትሉ ጓደኞቼ ሆይ፥ ቅኝቱን አጥኑ፤ ቃሉንም አጥርታችሁ ተናገሩ። መምህራኖቻችንም ለመዝሙር ተማሪ ሲመርጡ ልስላሴን ብቻ ሳይሆን ይህን ጭምር ቢመለከቱ መልካም ነው። ወላጆችም ልጃችሁ በቤት ውስጥ ሲያንጎራጉር «ዝም በል» ከማለታችሁ በፊት፥ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አድምጡት።