ምዕራፍ 9፦ ጉልበተኛዋ ኩርባ ላይ ለምን ትቀራለች?

ይህን ምዕራፍ የገለጥሽው ብስክሌት መንዳት አቅቶሽ አይደለም። ከፎንቆ ተነስተሽ ሆሳዕና ደርሰሽ ትመለሻለሽ፤ ዳገቱንም ከወንዶቹ እኩል ትወጪዋለሽ። የሚያንገበግብሽ ሌላ ነው። ከተማ ውስጥ አጭር መንገድ ተዘግቶ በሚካሄደው የዙር ውድድር፣ ክሪቴሪየም በሚሉት፣ የአንቺን ግማሽ ጉልበት የሌላት ልጅ ጥላሽ ትሄዳለች። ሰዉ ሁሉ «ልምምድ ጨምሪ» ይልሻል። አትስሚያቸው። የጎደለሽ ጉልበት ሳይሆን የመታጠፍ ችሎታ ነው።

ሠላሳ ልጆች አንድ መታጠፊያ ሲገቡ የፊተኞቹ ፍሬን እምብዛም ሳይነኩ ያልፋሉ። አሥረኛዋ ትንሽ ትይዛለች፤ ሃያ አምስተኛዋ ልትቆም ትደርሳለች። የፊተኞቹ ኩርባውን ወጥተው ሲፈተለኩ የኋላዋ ገና እየታጠፈች ነው፤ ስለዚህ ክፍተቱን ለመዝጋት ከዜሮ ተነስታ መብረር አለባት። በአንድ ዙር አራት መታጠፊያ ካለ በሃያ ዙር ሰማንያ ጊዜ ነው። ይህን የሚችል እግር የለም። ከሰው ጀርባ ተከልሎ መንዳት ከነፋሱ ጋር ከሚደረገው ትግል ሲሶ ያህሉን እንደሚያድን እውነት ነው፤ በረጅም የጎዳና ውድድር ላይ ብልህነት ነው። በዙር ውድድር ግን ጅራት ላይ የተደበቀች ልጅ ያተረፈች እየመሰላት ትከስራለች። ቦታሽ ከአምስተኛ እስከ አሥረኛ ባለው ውስጥ ይሁን።

አንዲት የማውቃት የፎንቆ ልጅ ነበረች። ጭነት የያዘ ባጃጅ ዳገት ላይ የምትቀድም ጉልበተኛ ናት። ለመጀመሪያ ውድድሯ ስትዘጋጅ የአጎቷ ልጅ «ዋናው ድፍረት ነው፣ ኩርባ ላይ አትፍሪ» ብሎ መከራት። ድፍረቱማ መች አነሳት! በውድድሩ ቀን ኮብልስቶኑ አልቆ አስፋልት የሚጀምርበት መታጠፊያ ላይ ባጃጆች ያመጡት አሸዋ ተከማችቶ ነበር። በሙሉ ፍጥነት ገባች፣ ብስክሌቱ ካዘነበለ በኋላ ደነገጠች፣ የፊት ፍሬኑን ጨበጠች። የፊት ጎማው ከሥሯ ሸሸ፤ የትከሻዋ አጥንት ተሰበረ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታ ወንዶችም ወድቀዋል። እነሱን «አይዟችሁ» ያለው ሰፈርተኛ እሷን «ድሮስ ሴት ልጅ ምን ልትሠራ ሄደች» አላት። ትከሻዋ ዳነ፤ ብስክሌቱ ግን አልተመለሰላትም፤ አሁን ወንድሟ እንቁላል ያመላልስበታል።

የልጅቱ ችግር ፍሬን መያዟ አልነበረም፤ የያዘችበት ሰዓት ነው። ጎማ መሬትን የሚጨብጥበት አቅም ውስን ነው፤ ያንኑ አቅም ለማቆምም ለመታጠፍም በአንድ ጊዜ ከጠየቅሽው ይለቅሻል። ፍጥነትሽ ከ20 ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድግ በዚያው ኩርባ ላይ ወደ ውጭ የሚገፋሽ ኃይል ሁለት ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ፍሬን ቀጥታው መንገድ ላይ ይጠናቀቃል፤ ኩርባው ውስጥ ጣትሽ ያርፋል።

አሁን ወደምወደው መድኃኒት ልምጣ። ገበያ በማይውልበት ቀን የገበያውን ሜዳ ያዢ። በማለዳ፣ ከብት ሳይወጣ። አራት ድንጋይ አራት ማዕዘን አድርገሽ አስቀምጪ፤ ድንጋይ ከሌለ ባዶ የዘይት ጀሪካን ይበቃል። መጀመሪያ በእርምጃ ፍጥነት ዙሪያቸውን ዙሪ። ወደ ግራ ስትታጠፊ የቀኝ ፔዳልሽ ታች ይሁን፤ የግራው ታች ከሆነ ብስክሌቱ ሲያዘነብል መሬት ነክቶ ያነሳሽና ይጥልሻል። ክብደትሽን በሙሉ በቀኝ እግርሽ ላይ ጣዪው፣ ከመቀመጫው ጥቂት ቀለል እስክትዪ። ክርንሽ ይታጠፍ፣ ትከሻሽ ይላላ። ዓይንሽን ከፊት ጎማሽ አንሺና መውጫው ላይ ትከዪ፤ ብስክሌት ዓይን ወዳየበት ይሄዳል፤ ጉድጓዱን ካየሽ ጉድጓዱ ውስጥ ነሽ። ከውጭ ጠርዝ ገብተሽ፣ ውስጠኛውን ጥግ ነክተሽ፣ እንደገና ወደ ውጭ ውጪ። ወደ ቀኝም እንዲሁ። አብዛኛው ሰው በአንድ ወገን ጎበዝ፣ በሌላው ፈሪ ነው፤ የፈራሽውን ወገን እጥፍ አድርገሽ ሥሪ። ሳር ላይ ስትለማመጂው ውድቀቱ እምብዛም አይጎዳም። ከዚያ ጓደኛ ጥሪና ክርን ለክርን ተነካክታችሁ ዙሩ፤ ሰው ሲነካሽ የማትደነግጪው ያኔ ብቻ ነው። አስፋልቱ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

ዝናብ ከጣለ የዜብራውን ነጭ ቀለምና እርጥብ ኮብልስቶን እያዘነበልሽ አትርገጪ።

ስለ ምግብ ብዙ ተብሏል። እኔ የምለው አንድ ነው፦ የሀድያ ልጅ ሆና ከውጭ የመጣ ባለቀለም መጠጥ ፍለጋ የምትንከራተት ልጅ ታሳዝነኛለች። ቡላ ማለት የእንሰት ንጹሕ ስታርች ነው፤ ጡንቻሽ የሚፈልገው እሱን ነው። ከቡላ የሚሠራው አተካና ግን ቅቤው ስለሚከብድና ቶሎ ስለማይፈጭ በውድድር ዋዜማ ተይው፤ ካሸነፍሽ በኋላ እናትሽ ትሥራልሽ። የውድድሩ ቀን፣ ውድድሩ ሊጀመር ሦስት ሰዓት ሲቀረው በሶ በማር ብዪ። በወር አበባሽ ብዙ ደም የሚፈስሽ ከሆነ ምስርና ጎመን አብዢ፣ ቡናውንም ከምግብ ጋር ሳይሆን ዘግይተሽ ጠጪ፤ ቡናና ሻይ ብረት የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ሰውነት የሚገባበትን መጠን ይቀንሳሉ።

ብስክሌት ክብረ ንጽሕና ያጠፋል እየተባለ የሚወራውን እዚሁ ልዝጋው። የብስክሌት መቀመጫ ማህፀን አይጎዳም፣ መውለድም አይከለክልም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 የድንግልና ምርመራ እንዲቆም የጠየቀው ሴት ልጅ ግንኙነት መፈጸም አለመፈጸሟን የሚያሳይ ምርመራ ስለሌለ ነው። ይህን ለአያትሽ በለሆሳስ ንገሪያት፤ ለሰፈሩ ግን መልስ አትስጪ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር። በእኛ አገር ወንድ ልጅ ደቡብ አፍሪካ ልሂድ ሲል በሬ ይሸጣል፣ ዘመድ ይዋጣል፣ መሬት በወለድ አገድ ይያዛል፤ ልጁ በየበረሃው የት እንደሚወድቅ ሳይታወቅ። ልጅቷ አሮጌ ብስክሌት ስትጠይቅ «ገንዘብ የለም» ይባላል። ገንዘቡማ አለ። ለማን እንደሚወጣ ነው የተወሰነው። አባቶች ይህን ቢያነቡ ደስ ይለኛል።

ሴቶችን ወደ ብስክሌት ውድድር ለማስገባት መዘግየቱ የእኛ ብቻ እንዳልሆነም እወቂ። ብስክሌተኛው ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለኢትዮጵያ ተወዳድሮ 24ኛ ሲወጣ ሴቶች የብስክሌት ውድድር አልነበራቸውም፤ የተፈቀደላቸው በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። ከትግራይ የተነሳችው እየሩ ተስፎም ገብሩ በ2024 ፓሪስ ላይ በስደተኞች ቡድን ስም ተሰልፋለች፤ በአገሯ ማልያ አለመሆኑ ያስቆጫል። በ2025 ደግሞ የጎዳና ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ መጣ፣ ኪጋሊ። የሞሪሸሷ ኪም ለ ኩርት በዚያው ዓመት ሊዬዥ–ባስቶኝ–ሊዬዥ የተባለውን የሴቶች የጎዳና ውድድር አሸንፋለች። አፍሪካዊት ሴት አትችልም የሚል ካለ ይህን አሳዪው።

በመጨረሻ ስለ ዕቃ። ውድድሩ ሊጀመር ሲል ጎማውን እንደ ድንጋይ የሚነፋ ጎሚስታ ብዙ ነው፤ ኮብልስቶን ላይ ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ ይዘላል እንጂ አይጨብጥም፤ ትንሽ አስተንፍሺው። ሰንሰለት አጽጂ፣ ቀባ አድርጊ። ጠዋት ከውድድሩ በፊት መንገዱን በእግርሽ ዞረሽ አሸዋና ጉድጓድ የት እንዳለ እዪ፤ አዘጋጆቹ ካላስጠረጉት መጥረጊያ ይዘሽ ራስሽ ጥረጊ። አዲስ ብስክሌት ለመግዛት አትቸኩዪ። የመጀመሪያ ብርሽን ለሄልሜት፣ ሁለተኛውን ለፍሬን ጎማ አውዪው፤ ሄልሜት ከሌለሽ አትሰለፊ።