የአሮጌ ውሃ መሳቢያ ሞተር የነዳጅ መስጫ መለዋወጫዎችን ለይቶ ስለማግኘት

ለመተማና ለምዕራብ ጎንደር ቆላ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት

በጓንግ ወይም በሽንፋ ወንዝ ዳር በበጋ ሽንኩርት የሚያለማ ማኅበር ሞተሩ በመጋቢት ቢቆምበት ብዙ ቀን የለውም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የሽንኩርት ሥርም ጥልቅ ስላልሆነ ማሳው ውሃ ሳያገኝ ሳምንት አይቆይም። በዚህ ችኮላ ውስጥ ገበሬው ከገበያ ‘ይመስላል’ ያለውን ዕቃ ገዝቶ ይመለሳል። ለፊልትሮ ወይም ለጓርኒሲዮን ይህ ብዙ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። በነዳጅ መስጫው ክፍል ግን ተመሳሳይ መስሎ ትክክለኛ ያልሆነ ዕቃ ሞተሩን ይሰብራል፤ ሰውም ሊጎዳ ይችላል።

ምክንያቱን ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። በቤንዚን ሞተር የካርቡራተሩን የአየር መንገድ የምትከፍትና የምትዘጋ ክብ ቅጠል መሰል ብረት አለች። ይህችን ብረት ሁለት ኃይሎች ይጎትቷታል። ሞላው ሊከፍታት ይስባል፤ የዙሩን ልክ የሚጠብቀው ገቨርነር ደግሞ ሞተሩ ሲፈጥን ሊዘጋት ይገፋል። ሁለቱ እኩል በሆኑበት ቦታ የሞተሩ ፍጥነት ይረጋል። በናፍጣ ሞተር ቅጠሏ የለችም፤ ገቨርነሩ የሚያንቀሳቅሰው የነዳጅ ፓምፑን ነው፤ የሞላው ነገር ግን አንድ ነው። ስለሆነም ጠንካራ ሞላ የገባበት ሞተር ከልኩ በላይ ይፈጥናል፤ የላላ ከሆነም ይደክማል። የፓምፑ ፍጥነት በ10 በመቶ ሲጨምር የሚጠይቀው ኃይል በ33 በመቶ ያድጋል። በ10 በመቶ ሲቀንስ ደግሞ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋበት አቅም ወደ 81 በመቶ ይወርዳል፤ ከፍ ያለው የማሳ ጫፍም ይደርቃል።

ሞላውን ከመቀየር በፊት ጥፋቱ በእርግጥ ከእርሱ መሆኑን አረጋግጡ። ሞተሩ ከፍ ዝቅ እያለ የሚያጉረመርም ከሆነ በቆላው አቧራ ብዙ ጊዜ ያለቀው ቅጠሏን የሚይዘው ዘንግ ነው። ዘንጉን በጣት ነቅንቁት። ሞተሩ እየሠራ ሳለም በዘንጉ ጫፍ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ አድርጉ፤ ድምፁ ከተለወጠ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ለዚህ ሙከራ ቤንዚን ፈጽሞ አይደረግም።

መለዋወጫ የሚፈለገው በሞተሩ ቁጥር እንጂ በስሙ አይደለም። ‘የሊስተር ሞላ’ ብሎ ማዘዝ ምንም እንዳልተናገሩ ይቆጠራል። በእንግሊዝ አገር ዳርስሊ ከተማ ይሠራ የነበረው ባለ አንድ ሲሊንደር ሊስተር 6/1 በደቂቃ 650 ዙር የሚዞር ሲሆን 8/1 የተባለው 850 ይዞራል፤ ሁለቱ ለዓይን ወንድማማች ናቸው። በሕንድ አገር ራጅኮት የተሠሩ አምሳያዎችም አሉ። ለፈጣኑ የታሰበ ሞላ በዘገምተኛው ላይ ገብቶ ሞተሩ 850 ቢደርስ ቮላኖውን ወደ ውጭ የሚበትነው ኃይል በ71 በመቶ ይጨምራል፤ አሮጌ የብረት ቮላኖ ደግሞ የተደበቀ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። በብሪግስ ኤንድ ስትራተን ሞተር የሞዴል፣ የዓይነትና የኮድ ቁጥሮች በአየር ማቀዝቀዣው የቆርቆሮ ሽፋን ላይ ተመትተዋል። ሞላው የሚመረጠው በሞዴሉና በዓይነቱ አንድ ላይ ነው፤ ኮዱ የተሠራበትን ዓመት፣ ወርና ቀን ይናገራል። ቀለም ከሸፈነው በሽቦ ብሩሽ ሳይሆን በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ይጠረግ፤ ብሩሽ ቁጥሩን ይበላል።

አሮጌውን ዕቃ ይዞ መሄድ ጥሩ ነው፤ ሆኖም አሮጌው ራሱ ትክክለኛው ላይሆን ይችላል። ከሃያና ሠላሳ ዓመት ጥገና በኋላ የምታገኙት ሞላ ከሌላ ሞተር የተነቀለ ወይም ተስቦ የረዘመ መሆኑ የተለመደ ነው። የሽቦውን ውፍረት፣ የጥቅሉን ስፋት፣ የዙሩን ብዛትና የመንጠቆውን ቅርጽ ጻፉ፤ ርዝመቱን ግን አትመኑ። ከመፍታታችሁ በፊት ሽቦዎቹ በየትኛው ቀዳዳ እንደገቡ በስልክ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ቀዳዳ መሳሳት ትክክለኛውን ሞላ የተሳሳተ ያደርገዋል።

ስለ ብሎን አንድ ነገር እንጨምር። የ5/16 ኢንች ብሎን ውፍረቱ 7.94 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በእጅ ሲያዝ ከ8 ሚሊ ሜትሩ አይለይም። ነገር ግን የተለመደው ባለ 5/16 በአንድ ኢንች 18 ጥርስ ሲኖረው የ8 ሚሊ ሜትሩ ከ20 ጥቂት ያልፋል። ሁለት ሦስት ዙር ገብቶ ይጠብቃል፤ በኪያቬ ከተገፋ የካርቡራተሩን ለስላሳ ብረት ይላጨዋል።

ቀድሞ ብዙ ዕቃ በገላባት በኩል ከሱዳን ይመጣ ነበር። በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን በዚያ መንገድ መተማመን አይቻልም። ወደ ጎንደር፣ ካልሆነም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚላከው ሰው ቁጥሩን፣ ልኩንና ፎቶግራፉን ይያዝ፤ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር ባዶ እጅ መድረስ ከንቱ ወጪ ነው። ዕቃው ካልተገኘ የማገናኛ ሽቦውን ከተመሳሳይ ውፍረት ሽቦ መሥራት፣ ለዘንጉ ቡሽንግ በቶርኖ ማስወጣት፣ ለእጀታው የሞተር ብስክሌት ገመድ መጠቀም ይቻላል። ሞላውን ግን በግምት አትሥሩ።

ከገጠማችሁ በኋላ ሞተሩ ሳይነሣ እጀታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንቀሳቅሱ፤ በየትኛውም ቦታ መያዝ የለበትም። ሲነሣ አንድ ሰው በማጥፊያው አጠገብ ይቁም፤ በቮላኖው አቅጣጫ ማንም አይቁም። የዙር መለኪያ ከሌለ በቺንጋ የሚሠራ ሞተር በጠመኔ ይለካል። ቺንጋው ላይ ምልክት አድርጉና በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ከርቀት ቁጠሩ። ይህን በቺንጋው ርዝመት አባዙና ለሞተሩ ፑሊ ዙሪያ ልክ አካፍሉ። ለምሳሌ ቺንጋው 6 ሜትር፣ የፑሊው ዙሪያ 1 ሜትር ከሆነ 650 ዙር ማለት ምልክቱ በደቂቃ 108 ጊዜ ያልፋል ማለት ነው። 140 ከቆጠራችሁ ወዲያው አጥፉት።