ግፊትና ጠላቂ፦ ከጅቡቲ ባሕር እስከ ቦዲቲ

በቦዲቲና በአካባቢዋ ለሚኖር ሰው ባሕር ሩቅ ነገር ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የአካባቢው ልጅ ዋና የሚማረውም፣ ከተማረ፣ በወንዝ ነው። አገራችንም ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ይሁን እንጂ ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለዕረፍት ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ሞምባሳ፣ ወደ ዛንዚባር ወይም ወደ ግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ የሚሄዱ ወገኖቻችን አሉ። በእነዚህ ሥፍራዎች ለእንግዳ ከሚቀርቡት መዝናኛዎች አንዱ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ የአንድ ቀን የስኩባ ጠለቃ ነው። ስኩባ ማለት ጠላቂው የሚተነፍሰውን አየር በሲሊንደር ታጭቆ በጀርባው ተሸክሞ በውኃ ውስጥ የሚቆይበት ዘዴ ሲሆን፣ መሣሪያውን ዛሬ በምናውቀው መልኩ ያስገኙት ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 ነው።

ስለ ስኩባ በየቋንቋው ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው የተጻፈው ግን በባሕር ዳር ወይም በዝቅተኛ ሥፍራ ለሚኖር ሰው ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ጠለቃው ከውኃው ሲወጣ ያበቃል። ከፍ ባለ ቦታ ለሚኖረው ለእኛ አንባቢ ግን አያበቃም፤ ገና የሚወጣው ዳገት ቀርቶታል። በዚህ ጽሑፍ ይህ ለምን እንደሆነ በፊዚክስ ሕግጋት አማካይነት ለማሳየት እንሞክራለን።

በቅርብ የሚገኘውን የጅቡቲን ምሳሌ እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ወደዚያ በአውሮፕላን፣ ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ማለትም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2018 ወዲህ ደግሞ መደበኛ አገልግሎት በጀመረው በአዲሱ የባቡር መስመር መሄድ ተችሏል። ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሙሻና ማስካሊ የተባሉ፣ በኮራል የተከበቡ ሁለት ትንንሽ ደሴቶች አሉ። ጀማሪው ጠዋት በጀልባ ይወሰዳል፤ ስለ ጤንነቱ የሚጠይቅ ቅጽ ይሞላል። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የጆሮ ቁስል ያለበት ሰው እውነቱን መጻፍ አለበት፤ ጉንፋን የያዘውም ሰው ለዚያ ቀን ቢተወው ይሻላል። ከዚያ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ በአፍ መተንፈስን፣ መነጽር ውስጥ የገባ ውኃን በአፍንጫ እፍ ብሎ ማስወጣትንና የጆሮን ግፊት ማስተካከልን ይለማመዳል። በመጨረሻም ከጎኑ ከማይለይ አስተማሪ ጋር ይጠልቃል። በታወቁት የጀማሪዎች ሥርዓቶች ከ12 ሜትር በታች መውረድ አይፈቀድም።

አሥራ ሁለት ሜትር ትንሽ ይመስላል። ፊዚክሱ ግን ሌላ ይላል።

በባሕር ጠለል ላይ ቆመን በላያችን ያለው አየር በሙሉ የሚያሳድርብን ግፊት አንድ አትሞስፌር፣ ማለትም 1,013 ሄክቶፓስካል ነው። ውኃ ከአየር እጅግ የከበደ በመሆኑ አሥር ሜትር የባሕር ውኃ ብቻ ይህንኑ ያህል ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ አሥር ሜትር ላይ ያለ ጠላቂ ሁለት አትሞስፌር፣ ሃያ ሜትር ላይ ያለው ሦስት አትሞስፌር ይጫነዋል። በአንጻሩ ወደ ላይ ስንወጣ ግፊቱ ይቀንሳል። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ 795 ሄክቶፓስካል ገደማ ነው። በባሕር ጠለልና በቦዲቲ መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ 218 ሄክቶፓስካል ሲሆን፣ ይህ ወደ ባሕር ውኃ ቢመነዘር 2 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ከቦዲቲ ተነሥቶ ጅቡቲ ወደብ ላይ ደረቅ መሬት የቆመ ሰው፣ ከቤቱ ጋር ሲነጻጸር፣ ከአንድ ረጅም ሰው ቁመት በላይ በሆነ ውኃ ሥር እንዳለ ያህል ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ እንዲያስታውሰው እንፈልጋለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ማስረጃ የሚፈልግ ተማሪ ባሕር ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ባዶ የፕላስቲክ ውኃ መያዣ በቦዲቲ ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ ዘግቶ በሶዶ በኩል እስከ አርባ ምንጭ ይዞት ይውረድ። አርባ ምንጭ ከተማ በ1,285 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ወደ 868 ሄክቶፓስካል ይጠጋል፤ ጠርሙሱም ጎኑ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። ሙቀቱ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ በውስጡ ያለው አየር ይዘቱ በመቶ 8 ያህል ይቀንስ ነበር፤ የቆላው ሙቀት ግን አየሩን መልሶ ስለሚያሰፋው የሚታየው ለውጥ ከዚህ ያንሳል። (የፈተና ጥያቄ ስናወጣ ተማሪዎቻችን ሁልጊዜ የሚረሱት ይህችን ሙቀት ነው።) በዚያው መንገድ ተሳፋሪዎች ጆሯቸው ሲደፈን ምራቃቸውን ይውጣሉ ወይም ያዛጋሉ። የጉዞው የግፊት ልዩነት ሁሉ ሲደመር ግን ከ70 ሳንቲ ሜትር ውኃ ብዙም አይበልጥም። ጠላቂው ያንን የመኪና ጉዞ የሚጨርሰው በሁለት ሦስት ሰኮንድ ነው። ስለዚህም አፍንጫውን ይዞ በቀስታ እፍ በማለት በየሜትሩ ጆሮውን ማስተካከል ይኖርበታል፤ ካመመው ትንሽ ከፍ ብሎ እንደገና ይሞክራል እንጂ ሕመሙን ተቋቁሞ አይወርድም፤ የጆሮ ታምቡር ሊቀደድ ይችላልና።

የጠርሙሱን ነገር በሕግ መልክ ያስቀመጠው ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 ነው፦ ሙቀቱ ካልተለወጠ የአንድ ጋዝ ግፊትና ይዘት ብዜት አይለወጥም። አሁን በጠርሙሱ ፋንታ ሳንባን እናስብ። አሥር ሜትር ላይ ስድስት ሊትር አየር ስቦ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ የወጣ ሰው፣ ወለሉ ላይ ሲደርስ አየሩ አሥራ ሁለት ሊትር መሆን ይፈልጋል። ሳንባ ይህን አይችልም፤ ይቀደዳል፤ አየሩም ወደ ደም ሊገባ ይችላል። የስኩባ የመጀመሪያው ትእዛዝ «ትንፋሽህን ፈጽሞ አትያዝ» የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ግምት ማረም ያስፈልጋል። ጥልቀት በሌለው ውኃ አደጋ የለም ይባላል። ነገር ግን ከ30 ሜትር ወደ 20 ሜትር ሲወጣ አየሩ የሚሰፋው በሢሶ ሲሆን፣ ከ10 ሜትር ወደ ወለል ሲወጣ ግን በእጥፍ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው የይዘት ለውጥ ያለው ጀማሪው በሚጠልቅበት በዚያው የላይኛው አሥር ሜትር ውስጥ ነው። ሙሉ ሳንባን ለመጉዳት ከአንድ ሜትር ከምናምን ጥልቀት መውጣት እንኳ ሊበቃ ይችላል።

ይኸው ሕግ የአየሩን ዕድሜም ይወስናል። አሥራ ሁለት ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 አትሞስፌር ሲሞላ 2,400 ሊትር የወለል አየር ይይዛል። በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው አሥር ሜትር ላይ ከሲሊንደሩ የሚወስደው በደቂቃ 40 ሊትር ነው። ለመጠባበቂያ 600 ሊትር ቢተው የሚቀረው 1,800 ሊትር ለ45 ደቂቃ ይበቃዋል። የፈራና የተጣደፈ ሰው ግን በፍጥነት ስለሚተነፍስ ከዚህ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል።

ስለሚታየውና ስለሚሰማው ነገር በአጭሩ እንለፍ። ብርሃን ከውኃ ወደ መነጽሩ አየር ሲሻገር ስለሚሰበር ዓሣው ካለበት ርቀት በሦስት አራተኛው ላይ ያለ፣ መጠኑም አንድ ሦስተኛ ያህል የገዘፈ ይመስላል። ቀዩ ቀለም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይዋጣል። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ጆሯችን መለየት ያዳግተዋል። ከባሕር ተመልሰው የሚተርኩ ሰዎች የዓሣውን ትልቅነት ሲናገሩ አንድ አራተኛውን መቀነስ አይከፋም።

ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመለስ። ዊልያም ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1803 እንዳሳየው በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟ የጋዝ መጠን በፈሳሹ ላይ ካለው የጋዙ ግፊት ጋር አብሮ ያድጋል። የምንተነፍሰው አየር አምስት እጅ ቢባል አራቱ ናይትሮጅን ነው፤ ሰውነታችንም አይጠቀምበትም። በጠለቅን ጊዜ ግፊቱ ስለሚጨምር ናይትሮጅኑ ወደ ደምና ወደ ሥጋ ቀስ እያለ ይሟሟል። ስንወጣ ደግሞ በመጣበት መንገድ፣ በሳንባ በኩል፣ ቀስ እያለ ይወጣል። ግፊቱ ከሚገባው በላይ በፍጥነት ከቀነሰ ግን እንደ ተከፈተ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ በሰውነት ውስጥ አረፋ ሊሆን ይችላል። አረፋው መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ ሲከፋም ኅብለ ሰረሰርንና አንጎልን ይጎዳል።

ስኮትላንዳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ጆን ስኮት ሆልዴን በፍየሎች ላይ ካደረገው ምርምር ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1908 ባሳተመው ሥራ፣ ግፊት በአንድ ጊዜ ወደ ግማሽ ቢወርድ ሰውነት ይቋቋመዋል የሚል መለኪያ አቀረበ። የዛሬዎቹ ሠንጠረዦች ከዚህ የረቀቁ ናቸው፤ ለማስረዳት ግን የእርሱ መለኪያ ይበቃናል። አሥር ሜትር ላይ ለረጅም ጊዜ ቆይቶ ወደ ጅቡቲ ባሕር ወለል የወጣ ጠላቂ ከሁለት አትሞስፌር ወደ አንድ ይወርዳል፤ ልክ ግማሽ ነው። ያው ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ቦዲቲ ቢመጣ ግን ከሁለት ወደ 0.785 አትሞስፌር ይወርዳል። ሁለት ለ0.785 ሲካፈል 2.55 ነው። በባሕር ጠለል ላይ ለሚኖር ሰው ይህን ውድር የሚሰጠው ከ15 ሜትር ተኩል ጥልቀት መውጣት ነው። አንድ ዓይነት ጠለቃ፣ አንድ ዓይነት ውኃ ሆኖ ሳለ፣ የአንደኛው ቤት ዳገት ላይ በመሆኑ ብቻ ጠለቃው አምስት ሜትር ተኩል ጥልቀት ተጨመረለት ማለት ነው። በእርግጥ የጀማሪው ጠለቃ ከአንድ ሰዓት ስለማይበልጥ ሰውነቱ በናይትሮጅን አይሞላም፤ አደጋውም ይህ ስሌት ከሚያሳየው ያነሰ ነው። አቅጣጫው ግን ይኸው ነው።

በትምህርት ምክንያት ውጭ አገር በነበርንበት ጊዜ እንዲህ ባለ የአንድ ቀን ጠለቃ ተካፍለን ነበር። የተሰጠን ቅጽ በቅርብ ሰዓታት ውስጥ በአውሮፕላን እንጓዝ እንደሆነ ይጠይቅ ነበር፤ ቤታችን በስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንደሆነ ግን አይጠይቅም። ጥያቄው ለጻፈው አገር ሰው ትክክል ነው። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት በበረራ ላይ ቢበዛ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ሲያርፍ መንገደኛው ወደ ቀድሞው ግፊት ይመለሳል። አዲስ አበባ የሚያርፍ መንገደኛ ግን ወደየት ይመለሳል? የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በሩ ተከፍቶ ቢወጣም ከጠላቂው ሰውነት አንጻር ገና አየር ላይ ነው፤ በማግስቱም፣ በሳምንቱም እዚያው ነው። በባቡር ወይም በመኪና መምጣትም መፍትሔ አይሆንም፤ ድሬዳዋ ላይ እንኳ ከፍታው 1,200 ሜትር ገደማ ደርሷል።

ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የባለሙያዎች ጉባኤ ካደረገ በኋላ የወጣው መመሪያ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመክራል። መመሪያው ከ600 እስከ 2,400 ሜትር ላለ ከፍታ የተሰጠ በመሆኑ ለአዲስ አበባም ለቦዲቲም መንገደኛ ያገለግላል። የአንድ ቀን ጉዞ ብዙውን ጊዜ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ሁለት ጠለቃ ስላለው 18 ሰዓቱን መያዝ ይገባል። በእኛ በኩል አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ጅቡቲ ማደርን እንመርጣለን፤ ዕረፍቱ አራት ቀን ከሆነ ጠለቃው በሁለተኛው ቀን እንጂ በመጨረሻው ቀን አይሁን። ለሆቴል የሚከፈለው ገንዘብ ቢያሳዝንም።

ይህ ሁሉ ተጠብቆም አደጋው ፈጽሞ አይጠፋም። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የእጅ ወይም የእግር መደንዘዝ፣ መፍዘዝ፣ ከወትሮው የተለየ ድካም አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታያሉ። ችግሩ በአካባቢያችን እነዚህን ምልክቶች ይዞ ጤና ተቋም የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጠርበት ወባ ወይም ቁርጥማት መሆኑ ነው፤ ሐኪሙም ባሕር ውስጥ እንደነበረ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ስለዚህ በሽተኛው ወይም አስታማሚው «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ጥልቀት ጠልቄ ነበር» ብሎ መጀመሪያ መናገር አለበት። የመጀመሪያው እርዳታ ንጹሕ ኦክስጅን በጭንብል መስጠት ሲሆን፣ ዋናው ሕክምና በሽተኛውን በከፍተኛ ግፊት ክፍል ውስጥ እንደገና «ማጥለቅ»ና ቀስ አድርጎ ማውጣት ነው። ወደ ባሰ ከፍታ መውሰድ ግን አረፋውን ያሰፋዋል።

አንዳንድ ተማሪዎች ታዲያ ከባሕር ይልቅ በአገራችን ሐይቆች ለምን አንጠልቅም ይሉ ይሆናል። አባያን እንተወው፤ ውኃው በደለል የቀላ ስለሆነ የራስን እጅ ለማየት ያስቸግራል፤ አዞዎቹ ግን ሳያዩን አይቀሩም። ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ግን የሚከተለውን ጥያቄ ለፊዚክስ ተማሪዎች እናቀርባለን። የሐይቁ ወለል በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን የአየሩ ግፊት 0.81 አትሞስፌር ነው እንበል። አንድ አትሞስፌር የሚያህል ግፊት ለመጨመር 10.3 ሜትር ጨው አልባ ውኃ ያስፈልጋል። በሐይቁ ውስጥ አሥር ሜትር የጠለቀ ሰው ሲወጣ የሚያጋጥመው የግፊት ውድር ስንት ነው? በባሕር ውስጥ ይህንኑ ውድር ለማግኘትስ ስንት ሜትር መጥለቅ ያስፈልግ ነበር?