«ምንም አልተገኘም» ሲባል፦ ምክንያቱ ያልታወቀ የአካል ሕመም በጉለሌ

መግቢያ

ራስ ምታት፣ የልብ ምት መፋጠን፣ የሰውነት መቃጠል፣ ከቦታ ቦታ የሚዞር ውጋትና የማይለቅ ድካም ሰዎችን ወደ ሐኪም ቤት ደጋግመው ከሚያመላልሱ ምልክቶች መካከል ናቸው። የደም፣ የሽንትና የራጅ ውጤት ደህና ሆኖ ሕመሙ ሲቀጥል ታማሚው ብዙ ጊዜ «ምንም የለብዎትም» ተብሎ ይሸኛል። ይህ ጽሑፍ የአዲስ አበባን ጉለሌ ክፍለ ከተማ መነሻ በማድረግ አባባሉ የሚያስከትለውን ችግር ይመረምራል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ «አልተገኘም» የሚለው ቃል የምርመራውን ውጤት የሚገልጽ እንጂ በታማሚው ላይ የሚሰጥ ፍርድ አለመሆኑ ነው።

የ«ያልታወቀ» ሁለት ትርጉሞች

አንድ ሕመም «ምክንያቱ አልታወቀም» ሲባል ሁለት የተለያዩ ሁኔታዎችን ሊያመለክት ይችላል። አንደኛው በቂ ምርመራ ተደርጎ ምልክቱን የሚያስረዳ በሽታ ሲታጣ ነው። ሁለተኛው ተገቢው ምርመራ ጭራሹን ሳይደረግ ሲቀር ነው። ለምሳሌ የታይሮይድ ዕጢ መዛባት የልብ ምት መፋጠንንና ድካምን ሊያስከትል ይችላል፤ የሚለየው ግን በሆርሞን ምርመራ ነው። ከሳንባ ውጭ የሚከሰት የቲቢ በሽታም በአክታ ምርመራ ላይታይ ይችላል። እነዚህን ሁለት ሁኔታዎች ሳይለዩ በአንድ ስም መጥራት ሊታከም የሚችለውን በሽታ ይደብቃል።

በችኮላ የሚሰጥ ስምም የዚሁ ችግር ሌላ ገጽታ ነው። «ታይፎይድ» የሚለው ውጤት ብዙ ጊዜ የሚመሠረተው በአንድ የዊዳል ምርመራ ላይ ነው። ምርመራው የሚለካው ፀረ እንግዳ አካላትን በመሆኑ፣ በሽታው በተስፋፋበት አካባቢ ቀደም ሲል የተያዘ ሰው አሁን ባይታመምም ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል። ታማሚው ስም አግኝቶ፣ መድኃኒቱን ጨርሶ፣ ሕመሙ ግን እንዳለ ይቀራል።

ሥራና ሕመም

የጉለሌ ነዋሪዎች አኗኗር ምርመራው ከላቦራቶሪ ውጭም መመልከት እንዳለበት ያሳያል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ይሠራል። ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች ደግሞ ወገባቸውና ትከሻቸው ከባድ ጫና ይደርስበታል። እንዲህ ያለው ሕመም በደም ምርመራ አይታይም። «ሥራዎ ምንድን ነው? በቀን ስንት ሰዓት ይቀመጣሉ? ምን ያህል ይሸከማሉ?» የሚሉት ጥያቄዎች ግን ያለ ወጪ ብዙ ሊገልጡ ይችላሉ።

ከአካል ወደ አእምሮ የሚደረግ ዝላይ

የላቦራቶሪ ውጤት ደህና ሲሆን «ጭንቀት ነው» ወይም «ነርቭ ነው» ማለት ሌላው አቋራጭ ነው። ድባቴና ጭንቀት በአካል ሕመም እንደሚገለጡ የታወቀ ነው። አማርኛም «ውስጤ ተቃጠለ»፣ «ልቤን ወጋኝ» በሚሉ አነጋገሮች የአካልንና የስሜትን ስቃይ በአንድነት ይናገራል። ሆኖም መለያ መሣሪያዎቹ ጥንቃቄ ይሻሉ። በጉለሌ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ900 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት የድባቴ መለያ መጠይቅ በ10 ነጥብ መቁረጫ ድባቴ ካለባቸው 86 በመቶውን መለየቱን አሳይቷል። ድባቴ ከሌለባቸው መካከል በትክክል የለየው ግን 67 በመቶውን ነው። መጠይቁ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ድካምና ስለ ምግብ ፍላጎት ስለሚጠይቅ አካላዊ በሽታ ያለበት ሰውም ከፍ ያለ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አምስተኛው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም ለአእምሮ ሕመም ስያሜ «የሕክምና ማብራሪያ አለመገኘቱን» መሠረት ማድረግን ትቷል። ስለዚህ የአካል በሽታ ማጣት ብቻውን ለአእምሮ ሕመም ማስረጃ አይሆንም።

ጠበልና ሐኪም ቤት

«ምንም የለብዎትም» የተባለ ሰው መልስ ፍለጋውን አያቆምም። ለብዙዎች ቀጣዩ መንገድ ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል ይወስዳል። በዚያ ሕመሙ ስም ያገኛል፣ ታማሚውም አብሮት የሚጸልይ ሰው ያገኛል። ሁለቱን መንገዶች ማጋጨት ግን አስፈላጊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸው ለዚህ አብነት ነው። ታማሚው ጠበል መጠመቁን ለሐኪሙ ሳይፈራ የሚናገር ከሆነ የጀመረውን መድኃኒት ያቋርጥ እንደሆነም መጠየቅ ይቻላል።

ምን ሊባል ይገባል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ለጠቅላላ ሕክምና ባለሙያዎች ባወጣው የአእምሮ ጤና መመሪያ፣ እንዲህ ያሉ ምልክቶች ምናባዊ አለመሆናቸውን ለታማሚው ማረጋገጥን፣ አላስፈላጊ ምርመራንና የቫይታሚን መርፌን ማስወገድን፣ ክትትልን መቀጠልንም ይመክራል። ይህ ምክር በጉለሌ ጤና ጣቢያ በሚከተለው አነጋገር ሊተረጎም ይችላል፦ «ሕመምዎ እውነተኛ ነው። እነዚህን ምርመራዎች አድርገናል፤ አደገኛ ነገር አላሳዩም። ያልተመረመረው ይህ ነው። ከአንድ ወር በኋላ ተመልሰው ይምጡ፤ አዲስ ነገር ካዩ ግን ቀኑን አይጠብቁ።»

መደምደሚያ

በታማሚው ካርድ ላይ «አልተገኘም» ብሎ መዝጋት የሐኪሙንም የታማሚውንም ፍለጋ ያቋርጣል። የተመረመረውን፣ ያልተመረመረውንና የቀጠሮውን ቀን መጻፍ ግን ቀጣዩ ባለሙያ ከጀመረበት እንዲቀጥል ያስችለዋል። ቀጣይ ጥናቶችም የምልክቶቹን ብዛት ከመቁጠር ባሻገር፣ «ምንም የለብዎትም» የተባለ ሰው ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድና ምን እንደሚገጥመው ቢከታተሉ ይጠቅማል።